ጸሎቱን አድርሶ የተባረረው ልጅ

የጎረቤቴ ልጅ በፈተና ሰሞን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ፣ ቦርሳውን እንዳዘለ ተመልሶ መጣ። አሞት መስሎኝ ነበር። ለካ የሁለት ወር ክፍያ አልተከፈለለትም ተብሎ ከሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። የሃይማኖት ተቋም ነው፤ በሩ ላይ የቅዱስ ስም፣ ግቢው ውስጥ ሥዕል አለ። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ይደረጋል። ልጁም የተባረረው ጸሎቱን አድርሶ ነው።

ይህን ቡና ላይ ሳነሳ አንዱ ጓደኛዬ «የሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚያሰኘው ሃይማኖት ማስተማሩ ነው» አለኝ። እንዴት ሆኖ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሆነ የሙስሊም፣ ፎቶሲንተሲስ ያው ፎቶሲንተሲስ ነው። «እንግዲያው የመምህራኑ እምነት ነዋ» አለ። እሺ፣ ግን ማተቡን አንገቱ ላይ አስሮ የድሀ ልጅ የሚያሸማቅቅ መምህርም አይቻለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የአንድ ትምህርት ቤት እምነት የሚታየው ክፍያ የሚቀበሉበት መስኮት ላይ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ይሄ ሊጠፋን አይገባም ነበር። በአታ ቤተ ክርስቲያን የማኅሌቱን አቋቋም ሊማር ከስንት አገር በእግሩ የመጣ ተሜ፣ ደበሎውን ደርቦ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃችን ሲቆም ነው ያደግነው። ውሻው ይጮህበታል፣ እሱ በዱላው እየተከላከለ ይጠብቃል፣ እናቴ ከሌማቱ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ረሃቡም እከኩም አርጩሜውም ነበር፤ አላሳምረውም። ግን የኔታ «የወሩን ሳትከፍል» ብለው ከጉባኤ ያስነሡት ተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ተሜውን የሚያበላው ሰፈሩ ነበር።

አውቃለሁ፣ ዛሬ ደመወዝ አለ፣ መብራት አለ፣ ወረቀት እንኳ እሳት ሆኗል። ክፍያ አይኑር አላልኩም። ግን ዕዳው የወላጅ ነው፤ ወላጅ ይጠራ እንጂ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ለምን? ደግሞስ ሙዳየ ምጽዋቱ ለምንድን ነው? ከሚገባው ላይ ለአምስት ስድስት ልጅ ክፍያ ቢቆረጥ ሕንፃው ሳይጨረስ አይቀርም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ዘካ አላቸው፤ ድሀ ከተቀባዮቹ መጀመሪያ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ሥዕሉን ቢያወርድ እንኳ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

የልጁ እናት ከዕቁብ ዳኛዋ ተበድራ ከፈለችና ሐሙስ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መለሰችው። የእንግሊዝኛው ፈተና አልፎት ነበር። ማካካሻ ይኖረው እንደሆነ ስትጠይቅ፣ አለ፣ ግን ለብቻው ይከፈልበታል አሏት።