ታራ ኮረብታ ላይ ታቦት አልተገኘም

«ታቦተ ጽዮን አየርላንድ ውስጥ ታራ ኮረብታ ላይ ተቀብሮ ነበር፤ በቁፋሮም ተገኝቷል» ላልከው ወንድሜ፦ መቆፈሩ እውነት ነው፣ መገኘቱ ግን ተረት። እንግሊዞች የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ዘር ናቸው ብለው የሚያምኑ ሰዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1899 እስከ 1902 እዚያ ቆፍረዋል። ታቦት የለም። ትተው የሄዱት ጥንታዊ የአፈር ቅጥር አበላሽተው ነው። የአየርላንዱ ገጣሚ ዬትስና የአየርላንድኛ ቋንቋ ምሁሩ ዳግላስ ሃይድ ሳይቀሩ በ1902 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈዋል።

ታራ እንደሆነ ያለ ታቦትም ታሪክ ሞልቶታል። «የታጋቾች ጉብታ» የሚባለው መቃብር ብቻ 5,000 ዓመት ገደማ አለው። ክርስትና ከገባ በኋላም «የታራ ንጉሥ» መባል የጌል (የጥንት አየርላንዳውያን) ነገሥታት የሚፋለሙበት ማዕረግ ነበር።