እድራችን ለክፉ ቀንም ይድረስ

በቱሉ ዲምቱ የምንኖርበት መንደር እድር ባለፈው ወር ሁለተኛ ድንኳን ለመግዛት ሲመክር፣ ከገንዘቡ ከፊሉ ለመጠባበቂያ ጤፍና ለዝናብ ውኃ ሮቶ እንዲውል ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ሰብሳቢያችን በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እኔ ግን የአየር ንብረት ቀውስ ዓለምን በአንድ ጊዜ ቢመታ እንደኛ ያለ ቤተሰብ ስንት ቀን ሊሰነብት እንደሚችል ሳስብ፣ ነገሩ እንዲህ እንዲቀር ልቤ አልፈቀደም።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ወገኖቻችን የምግብ ርዳታ ሲጠብቁ፣ ስንዴ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ መጣ። ሻጩም ገዢውም በአንድ ወቅት ዝናብ ቢያጡስ? እ.ኤ.አ. 2024 የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ነውና፣ ጥያቄው የሩቅ ዘመን አይደለም።

አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ የውኃ ፈረቃ በሚደርስበት ሌሊት ባዶው ቧንቧ ማፏጨት ሲጀምር ከእንቅልፏ ትነሣለች፤ ቢጫ ጀሪካኖቿን አንድ በአንድ ሞልታ ስትጨርስ ይነጋል። በሰብአዊ ርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ይመደባል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤቷ ይህ በቀን አራት ጀሪካን ያህል ነው፤ የዐሥር ቀኑን የምታኖርበት ቦታ ግን የላትም። ዝናብ ሲጠፋ የሚጎድለው ደግሞ የቧንቧው ውኃ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከግድብ ስለሚመነጭ፣ የአቃቂን ጉድጓድ ውኃ የሚስበው ፓምፕም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የእንጀራ ምጣዱም አብረው ይቆማሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንጨት አንድዶ መጋገር ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን በሬው «ደስታ» በሚባለው የከብት በሽታ ሲያልቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ ሆነዋል። የዚያ ዘመን ገበሬ ቢያንስ የሚቆፍረው መሬት ነበረው። እኛ ግን ትናንት ጤፍና ሽንብራ ይበቅልበት በነበረው በአቃቂ ዋልካ መሬት ላይ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ፣ ከሱቅ በተገዛ የሳምንት ዱቄት እንኖራለን።

ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቀመጣል። ድስትና ወንበር የተደረደረበት የእድራችን መጋዘን ለጥቂት ኩንታል አያንስም፤ በየዓመቱ ለአባላት በተገዛበት ዋጋ እየተሸጠ በአዲስ ምርት ሊተካ ይችላል። ስለ ውኃው ካነሣን፣ በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ፣ 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጣሪያ ከ200,000 ሊትር በላይ ይቀበላል። ዛሬ ይህ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ ወደ ቦይ ይፈስሳል።

ድንኳኑን የሚጠላ የለም፤ አንዱ ድንኳን ግን እስካሁን በቅቶናል። በመስከረሙ ስብሰባ ሐሳቡን ደግሜ አነሣለሁ፤ ጎረቤቴም አብራኝ ልትናገር ቃል ገብታልኛለች።