«ሲስተሙ ነው» አይባልም

ሰሞኑን አንድ የቤት ኪራይ ዋጋ የሚተምን ሶፍትዌር ሻጭ ሲናገር ሰምቼ ደሜ ፈላ። «ሰው ያዳላል፣ ሰው ይስገበገባል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ሒሳብ ብቻ ነው የሚሠራው» አለ። ዋጋውን ለማሽን የተወ አከራይ ፍትሐዊ ነው ማለቱ ነው።

ሒሳብ ብቻ? ማሽኑ ምን እንዲያሰላ ነው የታዘዘው? የአከራዩን ገቢ እንዲያሳድግ ነው። ለተከራዩ እንዲያስብ ያዘዘው የለም። ስግብግብነቱ አልጠፋም፤ ፍጥነት ነው የተጨመረለት።

ሦስት አከራዮች አንድ ጠረጴዛ ከበው «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁላችንም ይህን ያህል እንጨምር» ቢባባሉ ሴራ ነው። አሁን ጠረጴዛውን አንሱትና በቦታው ሶፍትዌር አስቀምጡ። እያንዳንዱ አከራይ ለተፎካካሪው በፍጹም የማያሳየውን ለሶፍትዌሩ ያስረክባል፦ በስንት እንዳከራየ፣ ስንት ቤት ባዶ እንደሆነበት፣ የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ። ሶፍትዌሩ የሁሉንም ጓዳ ያውቃል። ጠዋት አከራዩ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ቁጥር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «ተቀበል» የምትለዋን ይጫናል። አለቀ። ከጎረቤቱ ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገረም፤ ስለዚህ ከደሙ ንጹህ ነኝ ይላል። ጎረቤቱም ያችኑ ቁልፍ ተጭኗል። ተከራዩ ከአንዱ ሸሽቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ያው ዋጋ ቀድሞት ደርሷል። ትንሽ ልደራደር ቢል ደግሞ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው» ይባላል። ይህ ሴራ ካልሆነ ሴራ የሚባለው ምንድን ነው?

ከመሬት ተነስቼ አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ሪልፔጅ የተባለውን የኪራይ ሶፍትዌር ኩባንያ የከሰሰው በዚሁ ጉዳይ ነው። ኩባንያው አላጠፋሁም ብሏል። ይበል። ሳን ፍራንሲስኮ ግን በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን የኪራይ ተመን ማውጫ አግዳለች።

«ማሽኑ ከሰው የተሻለ ዋጋ ያውቃል» የሚሉም አሉ። ዚሎው የተባለውን የአሜሪካ የቤት ገበያ ድረ ገጽ ኩባንያ ይጠይቁ። በኮምፒዩተር ግምት እየተመራ ቤት ሲገዛና ሲሸጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የቤት ዋጋ መተንበይ ካሰብነው በላይ ከበደን ብሎ ሥራውን ዘጋ። ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን አሰናበተ። የተሳሳተው ማሽኑ፣ እንጀራው የተቆረጠበት ሰው!

ደግሞስ ማሽን ቤት ያያል እንዴ? ቤት የሚያይ ሰው ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጎ ከኋላው ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ይዳብሳል። እርጥበት ካለ እጁ ይነግረዋል። ቧንቧውን ከፍቶ የውኃውን ግፊት ያያል። ማሽኑ የሚያየው ፎቶ ነው። ፎቶውም ዛሬ ዛሬ በሌላ ማሽን ተኳኩሎ የሚመጣ ነው፤ የሌለ ሶፋ፣ የሌለ ብርሃን ተጨምሮበት።

ሩቅ ያለ ሰው ሳይደክም ቤቱን በስልኩ ዞሮ ማየቱ ጥሩ ነው። እሱን አልነካም። የኪራይ ዋጋ ግን ሌላ ነገር ነው። ተከራይ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲል በስሙ ፈርሞ የሚመልስለት ሰው ይኑር። ሕግም ያስገድድ። ሶፍትዌር ሻጩ ከዚያ ፊርማ አጠገብ የራሱን ለማስፈር ከደፈረ፣ ያኔ መጥቶ ስለ ፍትሕ ያውራን።