ዳቦው ለዘጠኝ አይሆንም

የሚካኤል ማኅበራችን አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት። ሁለቱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ ገቡና ዘጠኝ ቀረን። ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው።

ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የጂኦሜትሪ መምህር አሉ። ፊት ለፊት «መምህር» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ «ጋሽ ማዕዘን»። ክርናቸውን ሰሌዳው ላይ ተክለው በአንድ ዙር የሚጥሉትን ክብ ያየ፣ ኮምፓስ ለምን እንደሚሸጥ አይገባውም። እኛማ ኮምፓሳችንን ዴስክ ላይ ስም ስንፈለፍልበት ነው የጨረስነው።

ሰው የፋሲልን ግንብ አይቶ ነገሥታቱን ያስባል። እሳቸው ግን ግንበኛውን ነው የሚያደንቁት። «አራት ማዕዘን ቤት ሠራ፤ በየማዕዘኑ ክብ ግንብ አቆመ። ክቡን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በስፋት እኩል የሆነ ካሬ ላድርግህ ብሎ አልደከመም! ፈረንጆቹ ግን ሊንደማን የሚባል የሒሳብ ሊቅ በእነሱው አቆጣጠር በ1882 አይቻልም ብሎ እስኪያረጋግጥላቸው ድረስ ሲለፉ ኖሩ።»

አሥራ ሁለት ሳለን ድፎ ዳቦውን የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ። አባ ባርከው ሲጨርሱ መምህር ከኪሳቸው ሲባጎ ያወጣሉ። ከዳቦው መሃል እስከ ጠርዙ ይለካሉ። ያችኑ ልክ ጠርዙ ላይ ከነጥብ ነጥብ ሲያራምዷት ስድስት ጊዜ ትገባለች። አትጎድል፣ አትተርፍ። እያንዳንዷን ለሁለት ሲሏት አሥራ ሁለት። በቃ።

ባለፈው ወር ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ካሉ እናት ቤት ነበርን። ዳቦው ቀረበ፣ አባ ባረኩ። መምህር ሲባጎውን አወጡ። ዳቦውን አዩት፤ እኛን ቆጠሩን። ሲባጎውን መልሰው ከተቱት።

«ለዘጠኝ አይሆንም።»

«ምነው፣ አልበሰለም?» አሉ ባለ ተራዋ ደንግጠው።

«መብሰሉንስ በስሏል። ግን በኮምፓስና ምልክት በሌለው ማስመሪያ ክብን ለዘጠኝ እኩል መክፈል አይቻልም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘጠኝ ለማግኘት ሦስቱን ቁራሽ እንደገና ለሦስት ለሦስት መክፈል አለብህ። ማዕዘንን ለሦስት መክፈል ደግሞ ግሪኮቹን ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ነው። ዘጠና ዲግሪ ሲሆን እሺ ይላል፤ መቶ ሃያ ሲሆን እምቢ። ፒየር ዋንዜል የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1837 ነው እንደማይቻል ያረጋገጠው። (በዚያ ዘመን እኛ ዘንድ መሳፍንቱ አገር ይከፋፈሉ ነበር። እኩል ይሁን ያለ ስላልነበረ ኮምፓስም አላስፈለገም።)

«ታዲያ ስንት ብንሆን ይሻላል?» አሉ ሙሴው።

የመምህር ፊት በራ። «አሥራ ሰባት! ጋውስ የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1796፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ለአሥራ ሰባት እንደሚቻል ደርሶበታል።»

እናንተዬ፣ ስምንት ሰው እንጨምር ወይስ አንጨምር የሚል ውይይት ተከፈተ! አንዱ የአጎቱን ልጅ ጠቆመ። ሌላዋ የአጎቱ ልጅ የዕድር ውዝፍ እንዳለበት አስታወሰች። የዕድሩ ነገር የአጥር ነገር አመጣ። ዳቦው በረደ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ «ማዕዘን የሚለካ አፕ አለኝ፣ አርባ አርባ ዲግሪ ማለት ነው» ቢል መምህር ጮኹበት፦ «መለካት ሌላ፣ መሥራት ሌላ!»

ባለ ተራዋ ትዕግሥታቸው አለቀ። ቢላዋ አነሡና አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ እያስጠጉ መገመት ጀመሩ።

«ቢላዋው ላይ ምልክት አለ!» አሉ መምህር። «አርኪሜድስም ማስመሪያው ላይ ምልክት አድርጎ ነው ማዕዘንን ለሦስት የከፈለው። ይሄ ኩረጃ ነው!»

«ምልክቱ የልጄ ነው፤ ቆርቆሮ ሲከፍትበት ነው ያጎደፈው። ደግሞስ ዘጠኝ ማን አላችሁ? የእግዜር እንግዳ ድርሻ የለውም? አሥር ነው።»

መምህር ጽዋውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። «አሥር? አሥርማ ይቻላል!» ሲባጎው ዳግም ወጣ። «መጀመሪያ አምስት እንሠራለን። ለአምስት ደግሞ ራዲየሱን እኩሌታ ላይ…» እያሉ የዳቦውን መሃል ሲፈልጉ መሃሉ ጠፋ። ሴትየዋ ቆርሰው ጨርሰዋል።

ድርሻችንን ተቀበልን። መምህር የራሳቸውን ቁራሽ ከእኔው ጋር ጎን ለጎን አደረጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

«የአንተ ማዕዘን ሰፋ ይላል» አሉኝ።

ቶሎ ብዬ ማዕዘኑን ገመጥኩት።