98 ከመቶ ያለቀ ሪአክተር ስንት አምፖል ያበራል?

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ በሞስኮ የኑክሌር ኃይል ማመንጫውን የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ፣ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል ጆሯችንን ሊያደነቁረው ነው። ህዳሴን በመቶኛ እየቆጠርን እንደጨረስነው ሁሉ ይህንንም በመቶኛ እየቆጠርን እንጨርሰዋለን የሚል። ሲሰሙት ያኮራል። ግን በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት ነው። ህዳሴ ያለቀው በመቶኛ ስለተቆጠረ አይደለም፤ ኑክሌር ደግሞ ጭራሹን በመቶኛ አይቆጠርም።

ስለ ግድቡ ብዙ አልልም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የሜቴክ ውል ሲቋረጥ፣ እስከዚያ ድረስ በየዜናው የሰማነው ነጠላ ቁጥር ምን ሸፍኖ እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ኮንክሪቱ ርቆ ሄዷል፣ ተርባይኑና የብረታ ብረት ሥራው ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ሁለቱ በአንድ አማካይ ተጠቅልለው ለሕዝብ ይነገራሉ። ያም ሆኖ ግድብ ይቅር ባይ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከ13ቱ ተርባይኖች የመጀመሪያው መብራት ሲሰጥ የግድቡ ግንብ ገና ከፍ እያለ ነበር። ሪአክተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ወይ ሁሉም ተፈትሾ፣ ተፈርሞ፣ ነዳጅ ገብቶ ይሠራል፤ ወይ በዓለም ውዱ የኮንክሪት ክምር ሆኖ ይቀመጣል።

የአባባሉ ደጋፊዎች የሚመዙት ምሳሌ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው፤ የኤምሬቶቹን የባረካህ ኑክሌር ጣቢያ እዩ፣ ልምድ ሳይኖራቸው በስምንት ዓመት ሠሩት ይሉናል። እሺ፣ እንይ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ሪአክተር ኮንክሪት የፈሰሰው በጁላይ 2012 ነው። በማርች 2018 የኮሪያው ፕሬዚዳንት ሙን ጄ ኢን በተገኙበት የግንባታው መጠናቀቅ በይፋ ተከበረ። ግንባታው አለቀ፤ መቶ በመቶ። መብራት ወደ መስመር የገባው መቼ ነው? በኦገስት 2020። የሥራ ፈቃዱ ራሱ የተሰጠው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። በመካከሉ ያሉት ሁለት ዓመታት ኮንክሪት አልጠበቁም፤ የጠበቁት ሰው ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በፈረቃ የሚቀመጡ ኦፕሬተሮች፣ በሲሙሌተር የሰለጠኑ፣ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተፈትነው ፈቃድ የያዙ። ዛሬ አራቱ ሪአክተሮች የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህል ይሸፍናሉ፤ አቡዳቢ የሚሠሩ ወገኖቻችን ኤርኮንዲሽነር ሲከፍቱ ከዚያ ይደርሳቸዋል። ጣቢያው ጥሩ ነው። ነገር ግን መቶኛ የዝግጁነት መለኪያ ነው ለሚል ሰው ከባረካህ የከፋ ምስክር አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ወዳለው የቮግትል ጣቢያ ሦስተኛ ሪአክተር። በ2021 ጸደይ ግንባታው 98 ከመቶ ገደማ ደርሷል ተባለ። ሥራ የሚጀምረው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ነው ተባለ። የመጀመሪያዋን ኪሎ ዋት ወደ መስመር የላከው ኤፕሪል 1 ቀን 2023 ነው፤ ለንግድ አገልግሎት የበቃው ጁላይ 31። ሁለቱን ነጥብ ለመሻገር ሁለት ዓመት ከምናምን ፈጀ። ያውም መጀመሪያ የታቀደው ለ2016 ነበር፤ ከአራተኛው ሪአክተር ጋር ተደምሮ ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ቁጥሩ ተዋሽቷል እያልኩ አይደለም። የለካው ሌላ ነገር ነው። መቶኛ እንዴት እንደሚወጣ ሳይት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ፣ ፌሮው በቶን፣ ቧንቧና ኬብሉ በሜትር፣ ብየዳው በቁጥር ይያዛል፤ ለእያንዳንዱ የሰው ሰዓት ይመደብለታል፤ የተሠራው ለታቀደው ይካፈላል። ለተቋራጩ የክፍያ ሰርተፊኬት ለማዘጋጀት ደህና ዘዴ ነው፤ ይህን ያህል እሺ ብያለሁ። ግን በሰው ሰዓት ሚዛን ላይ ፌሮ ከባድ፣ ፊርማ ቀላል ነው። ሺህ ሰው ኮንክሪት ሲያፈስ መቶኛው ይጋልባል፤ ሃያ ኢንጂነር አንድ ቫልቭ ለምን እንደማይዘጋ ሦስት ሳምንት ሲፈልግ ቁጥሩ ቆሞ ያያል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይህን ያለ ሂሳብ ይረዳዋል፤ «ፊኒሺንግ ብቻ ነው የቀረው» ተብሎ ቁልፍ ተረክቦ፣ ውኃ የለም፣ ሊፍት የለም፣ ቆጣሪ የለም።

አንድ ኬብል ይዘን እንሂድ። መቶ ሜትር ኬብል ትሬው (የኬብል መሸከሚያው) ላይ ተዘረጋ፤ ተቆጠረ፤ መቶኛው ከፍ አለ። የደኅንነት ኬብል ከሆነ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የአንዱ ዲቪዥን (አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው ተነጣጥለው ከሚሠሩት የደኅንነት ክፍሎች የአንዱ) ኬብል ከሌላው ዲቪዥንም፣ ከተራው ኬብልም በተወሰነ ርቀት ወይም በመከላከያ ተለይቶ መሄድ አለበት፤ እሳት ቢነሳ አንዱ ሲነድ ሌላው እንዲተርፍ። ከዚያ ጫፉ በትክክለኛው ተርሚናል ላይ ታስሮ፣ ኢንሱሌሽኑ ተለክቶ፣ ኢንስፔክተሩ አይቶ ፈርሞ፣ ፊርማው ያረፈበት ወረቀት ከኬብሉ ቁጥር ጋር ተገጣጥሞ መዝገብ ይገባል። ቮግትል ላይ ምን ሆነ? የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2021 ልዩ ፍተሻ አድርጎ፣ የደኅንነት ኬብሎች በደንቡ መሠረት ተለያይተው አልተዘረጉም ሲል ሁለት «ነጭ» ግኝቶች መዘገበ፤ ነጭ ማለት በኮሚሽኑ አራት ቀለሞች ከአረንጓዴ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው። እነዚያ ኬብሎች ግን ቀድሞውኑ ተቆጥረዋል! በ98ቱ ውስጥ አሉ። ፈርሶ እንደገና የሚሠራው ሥራ ወራት ሲበላ፣ በመግለጫ የሚወጣው ቁጥር 99 ሆነ እንጂ አልቀነሰም።

በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የፍተሻ ሰነዶች ያልተሟሉ ወይም የጠፉ ሆነው ተገኙ፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ተጨማሪ መዘግየት ታወጀ። ለወረቀት ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ይህን ሥራ አያውቀውም። በኑክሌር ግንባታ የብየዳው ራጅ፣ የበያጁ የብቃት ማረጋገጫና የኢንስፔክተሩ ፊርማ ካልተገኘ ብየዳው የለም። ግድግዳ ከተለሰነበት በኋላ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ይፈነቀላል።

ታዲያ ሪአክተሩን ወደ ነዳጅ ያደረሰው ቁጥር የትኛው ነው? 398። ከፈቃዱ ጋር የተያያዙ የፍተሻ፣ የሙከራና የመቀበያ መስፈርቶች ቁጥር ነው። ኩባንያው አንዱን ሲያሟላ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ኮሚሽኑ ያረጋግጣል፣ ደብዳቤው ለሕዝብ ክፍት ነው። 398ቱም ተዘግተው ኦገስት 3 ቀን 2022 ነዳጅ ለመጫን ተፈቀደ፤ በኦክቶበር 157ቱ የነዳጅ ጥቅሎች መግባት ጀመሩ። «ዛሬ ከ398ቱ ስንት ተዘጋ?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ እውነቱን ያገኝ ነበር። «ስንት ከመቶ?» ያለው 99 ተብሎ ተሸኘ።

ሙከራው ራሱ ምን እንደሚያወጣ ደግሞ እንይ። ሙቅ ሙከራ የሚባለው ነዳጅ ሳይገባ ነው የሚደረገው፤ ዋናዎቹ ፓምፖች ውኃውን እያዞሩ በራሳቸው ሙቀት ወደ 290 ዲግሪ ገደማ፣ ግፊቱን ወደ 155 ባር ያደርሱታል። ቧንቧ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ቀዝቅዞ ያልታየ ንክኪ፣ ንዝረትና ፍሳሽ ያን ጊዜ ይታያል። ለእኛ የሚታሰበው የሩሲያው ቪቪኢአር 1200 ሪአክተር ቢሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ 163 ነዳጅ አልባ አምሳያ ጥቅሎች ይገባሉ፤ በመደበኛ ሥራ 16.2 ሜጋ ፓስካል (162 ባር) ግፊት የሚሸከመው የውኃ ዑደት እስከ 24.5 ይጨናነቃል፤ ሙቅ ሙከራው ይቀጥላል፤ ከዚያ ሪአክተሩ ተከፍቶ የውስጥ አካሉ ወጥቶ በዝርዝር ይመረመራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እውነተኛው ነዳጅ የሚመጣው። በመቶኛ ስንት ነው? ኢምንት። በቀን መቁጠሪያ ግን ወራት፣ አንድ ነገር ከተገኘ ዓመት።

ነገር ደግሞ ይገኛል። ቮግትል ሦስት በጃንዋሪ 2023 አንድ ቧንቧ ሲንቀጠቀጥ ተያዘና ድጋፍ እስኪጨመርለት ቆመ፤ በጁን የጄኔሬተሩ የሃይድሮጅን ማሸጊያ ተበላሽቶ እንደገና ዘገየ። አራተኛው ሪአክተር አንድ ዋና ፓምፑ የሞተር ብልሽት ገጥሞት ወደ 2024 ተገፋ። የፊንላንዱ ኦልኪሉኦቶ ሦስት ከዚህም ይብሳል፤ በማርች 2022 ከመስመር ጋር ተገናኝቶ፣ መብራት እየሰጠ፣ በኦክቶበር ለእንፋሎት ማመንጫው ውኃ የሚመግቡት ፓምፖች ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) ተሰንጥቆ ተገኘ። መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ጸደይ ነው፤ በ2009 ያልቃል የተባለው ጣቢያ።

«ዝርዝሩ የባለሙያ ነው፤ ሕዝብን ግራ ያጋባል» የሚሉንም አሉ። ሕዝብ የግድቡን የውኃ ሙሌት በሜትር፣ የተርባይኑን ቁጥር በስም ሲያወራ ከርሟል፤ ግራ የሚያጋባው ቁጥር ሳይሆን ቁጥር ማጣት ነው። ጆርጂያ ውስጥ ኩባንያው በየስድስት ወሩ ለሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽኑ ሪፖርት ያቀርብ ነበር፤ ነፃ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ደግሞ በመሐላ ቀርቦ የኩባንያው ቀን አይደርስም እያለ በአደባባይ ይመሰክር ነበር። ብዙ ጊዜ ትክክል የነበረው እሱ ነው። ጎረቤት ሳውዝ ካሮላይና ተቃራኒውን መረጠች። ቤክቴል የተባለው የምህንድስና ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2016 የቪሲ ሰመር ኑክሌር ጣቢያ ግንባታ በቀኑ እንደማይደርስ የሚያሳይ ግምገማ ሰጠ፤ ሪፖርቱ ከሕዝብ ተደበቀ። በጁላይ 2017 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት ሁለቱም ሪአክተሮች ተጥለው ቀሩ፤ ጣቢያውን ያሠራ የነበረው የስካና ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኬቨን ማርሽ በማጭበርበር ሁለት ዓመት ተፈረደበት። እዚህ ቢሆን ሪባን መቁረጫ መቀስ በሰጠነው ነበር።

ከሪአክተሩ አጥር ውጭ ያለውን ደግሞ መቶኛው ጭራሽ አያየውም። ቱርክ በ2023፣ በሪፐብሊኩ መቶኛ ዓመት፣ የአኩዩ ኑክሌር ጣቢያዋን አበራለሁ ብላ ነበር። በኤፕሪል ነዳጁ በሥነ ሥርዓት መጣ፤ 2023 አለፈ፣ 2024ም አለፈ። ከጀርመን የታዘዘው የማከፋፈያ መሣሪያ የኤክስፖርት ፈቃድ አጥቶ ከቻይና መተካት ነበረበት። ባንግላዴሽ ሩፑር ላይ ሪአክተሩ ሲቃረብ ወንዝ የሚሻገረው ማስተላለፊያ መስመር አልደረሰም። ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ከሁሉም ይብሳል። በመስመራችን ላይ ያለው ትልቁ ነጠላ ማሽን የህዳሴው 400 ሜጋ ዋት ተርባይን ነው፤ በመስኩ የሚሠራበት ልማድ አንድ ማሽን ከጠቅላላው የመስመር አቅም ከአሥር ከመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 1,200 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ቀሪው ምን ይሆናል? ይህ ብቻ አይደለም፤ የኑክሌር ጣቢያ መብራት የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን መብራት የሚለምን ነው፤ ከቆመም በኋላ ነዳጁን ለማቀዝቀዝ ከውጭ መስመር ኃይል ይጠይቃል። መብራት ስንት ጊዜ ከመላ አገሪቱ እንደጠፋ ለአንባቢ አልነግርም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ ለጀማሪ አገር ከሚዘረዝራቸው 19 የመሠረተ ልማት ጉዳዮች አንዱ ይኸው መስመር ነው፤ ሌላው ነፃ ተቆጣጣሪ ነው። የእኛ የጨረራ ተቆጣጣሪዎች እስካሁን የሚያውቁት የሆስፒታል ራጅና የኢንዱስትሪ ምንጭ ነው። እነዚያን ሰዎች ማሰልጠን ዛሬ ካልተጀመረ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የኑክሌር መግለጫ ሲወጣ የሚጠየቀው ይህ ይሁን። ከጠቅላላው ሲስተም ስንቱ ከግንባታ ቡድን ወደ ፍተሻ ቡድን በርክክብ ተላለፈ፣ ከነስንት ቀሪ ሥራ? ከተሠራው ብየዳ ስንቱ በራጅ ወደቀ? ፊርማ የሚጠብቁ የፍተሻ ሰነዶች ስንት ናቸው፣ ትልቁስ የስንት ወር ነው? ለ100 ሰዓት የታቀደ ሥራ ስንት ሰዓት እየበላ ነው፤ 140 ከሆነ ቀኑ ለምን አልተገፋም? ስንት ኦፕሬተር ፈቃድ ያዘ፣ ለስንት ፈረቃ ይበቃል? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ፣ የግድ ካስፈለገ፣ መቶኛውን በቅንፍ ውስጥ ያስገቡት።