ጀበናዋን ገዝተን ቡና ያልጠራናት

ስለ አብሮ መኖር በተወራ ቁጥር ባህላችንን እንደ መድኃኒት እናቀርባለን። ጎጃም ውስጥ የሚጠቀስ አይጠፋም፤ ደቦው አለ፣ ወንፈሉ አለ፣ እድሩ አለ። እንጅባራና ዳንግላ ገበያ ላይ አንዱ ሰው በአውንጊ ተከራክሮ በአማርኛ ሒሳቡን ይዘጋል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በጥር ወር በዓሉን ሲያከብር፣ ሊያይ የሚወጣው አገው ብቻ አይደለም። በዚህ እኮራለሁ። ግን ይኸው ባህል በር የሚዘጋበትንም ሰው አውቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ቅዳሜ ገበያ ወጥተናል። አያቴ ጀበናውን አንስታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን ሰጠች፤ ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ አይጠራም። ሸክላ ሠሪዋ ከሌሎቹ ሻጮች ራቅ ብላ ዳር ላይ ተቀምጣለች። አያቴ ብሩን በእጇ አልሰጠቻትም፤ መሬት ላይ አስቀመጠችላት። የእኔን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ስንመለስ “ዓይን አላት” አለችኝ። በዚያ ጀበና ለዓመታት ቡና ተፈላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። ሴትዮዋ አንድም ቀን አልተጠራችም።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። መሽቶበት ደጇ የቆመውን እንግዳ አስገብታ እግሩን ታጥብ ነበር። የሚከብደኝም ይኸው ነው፤ እግር ማጠቡንም ፊት መሸፈኑንም የተማረችው ከአንድ ቤት ነው።

አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። መቶ ዓመት አልፎትም “ከሸክላ ሠሪ ቤት ነው” ከተባለ ሽማግሌ የሚመለስበት ቤት ዛሬም አለ። የጣና ዳር ነገደ ወይጦዎችም የደረሰባቸው ከዚህ አይለይም። ከደንገል በሠሩት ታንኳ ሐይቁን ስንሻገር ኖረናል፤ አባቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር ብለን ግን ከማዕዳችን አራቅናቸው።

ይህን የሚያቃናው አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ስብሰባ አይመስለኝም። የእድር ዳኛው ባለ እጁን በስሙ ጠርቶ ይመዝግበው። የንስሐ አባቱ “ቡዳ” የሚለውን ቃል በየቤቱ ይገሥጽ፣ ሼኹም እንዲሁ። እኛም ቅዳሜ ጀበና ስንገዛ ብሩን በእጇ እንስጣት፣ ስሟን እንጠይቃት፣ ሰፈራችን ከሆነች ደግሞ ቡናው ሲደርስ ልጅ ልከን እናስጠራት።