የአራት ዓመት ልጅ ደብተር ለማን ነው የሚጻፈው?

ሰኔ ሲገባ ፌስቡክ በምረቃ ካባ ይሞላል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ብቻ አይደሉም። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው፣ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ቆቡ ዓይናቸው ላይ እየወረደባቸው ፎቶ የተነሱ ልጆችም አሉ። ከፎቶው ሥር «ልጄ ከክፍሉ 1ኛ ወጣ፣ ክብር ለፈጣሪ» ይላል። እኔም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብዬ አልፋለሁ። ግን ሁሌ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የስድስት ዓመት ልጅ አንደኛ የሚወጣው በምንድን ነው? ሁለተኛ የወጣውስ ምን አቅቶት ነው?

መልሱ ደብተሩ ውስጥ ይገኛል።

በቀደም የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ ደብተር አገላበጥኩ። ልጅቷ አራት ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ሎወር ኬጂ ናት። ደብተሩ ባለ አራት መስመሩ የእንግሊዝኛ ደብተር ነው። መምህሯ ገጹ አናት ላይ «ቢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋለች። ከሥሩ በነጠብጣብ የተሠሩ አሉ፣ ልጅቷ እየደገመች የምትሄድባቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ገጹ ግርጌ ባዶ መስመር ነው፤ ሙሊው ተብላለች። የመጀመሪያዎቹ ደህና ናቸው። ወደ ታች ሲወረድ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ከመስመር ይወጣል። አምስተኛው መስመር ላይ ድንገት ቀጥ ይላል። እናትየው ሳቀች። «እሱ የኔ ነው። እንቅልፏ መጥቶ ስለነበር እጇን ይዤ ነው የጨረስነው።» መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ «ቬሪ ጉድ» ብላ ኮከብ ሥላበታለች። ኮከቡ የሚገባው ለእናትየው ነበር።

ይህ ደብተር የወላጅ ደረሰኝ ነው። የምለው ይኸው ነው። በየወሩ፣ በየተርሙ ከአቅማችን በላይ እንከፍላለን። ገንዘባችን ምን እንደሠራ ማየት እንፈልጋለን። ልጅ ግቢ ውስጥ አፈር ሲቆፍር ውሎ ቢመጣ የሚታይ ነገር የለም፤ የሚታጠብ ዩኒፎርም ብቻ ነው ያለው። የተሞላ ደብተር ግን ገጹ ይቆጠራል። አያት ቤት ተወስዶ ይታያል። ትምህርት ቤቱም ነጋዴ ነውና የምንፈልገውን ይሸጥልናል።

መምህራኑ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ በሥልጠናቸው ሕፃን በጨዋታ እንደሚማር ተምረዋል። ግን አንዷ እንዳለችኝ፣ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ቤት ከሄደ በማግስቱ ወላጅ ቢሮ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ወይም ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «የቤት ሥራ ለምን አልተሰጠም?» የሚል ይመጣል። ከዚያ ደግሞ አንደኛ ክፍል አለ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ለማስገባት ይፈትናሉ። ስለዚህ አፐር ኬጂ ለፈተናው ያዘጋጃል። ሎወር ኬጂ ለአፐር ያዘጋጃል። ነርሰሪ ለሎወር ያዘጋጃል። እንዲህ እንዲህ እያለ የሦስት ዓመት ልጅ እርሳስ ይጨብጣል። ማን ጀመረው ቢባል ሁሉም ጣቱን ወደ ላይኛው ክፍል ይቀስራል።

«ታዲያ ምን ይሥሩ? ሲጫወቱ ይዋሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ በአብዛኛው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እቃቃን እንውሰድ። ሦስት ልጆች በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ቆርኪ ሲኒ ሆኗል። የቲማቲም ጣሳ ጀበና ነው። ጭቃው ዳቦ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ብር። «አንቺ እናት ሁኚ» ትላለች ትልቋ። «ትናንትም እናት ነበርኩ፣ ዛሬ ዶክተር ነኝ» ትላለች ሌላዋ። ክርክር ይነሳል። አንዷ ልታኮርፍ ትዳዳለች። በመጨረሻ ይስማማሉ፦ «እሺ፣ መጀመሪያ ቡና ጠጪ፣ ከዚያ መርፌ ትወጊኛለሽ።» ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ አልቀመጥ ያለው ወንድማቸው ደግሞ በሽተኛ ሆኖ ተራውን እየጠበቀ ነው። ማንም «ዝም ብለህ ተቀመጥ» አላለውም። ጨዋታው ነው ያስቀመጠው።

እዚህ ውስጥ ምን ያህል ትምህርት እንዳለ ቆም ብላችሁ እዩት። ቆርኪ ሲኒ አለመሆኑን ልጅቷ አሳምራ ታውቃለች። ሲኒን ወክሎ እንዲቆም ፈቅዳለት ነው እንጂ። ፊደልም ሌላ ነገር አይደለም። «በ» የምንላት ቅርጽ ራሷ ድምፅ አይደለችም፤ ድምፅን ወክላ የቆመች ናት። አንድን ነገር በሌላ መወከል የለመደ ጭንቅላት ፊደል ሲመጣበት እንግዳ አይሆንበትም። ይህን ከእኔ በፊት ያለው የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የማስመሰል ጨዋታን ከጽሕፈት መነሻዎች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ልጅ ሲጫወት ከራሱ በአንድ ራስ የረዘመ ይሆናል ያለውም እሱ ነው። ያንን በሽተኛ ልጅ ላየ ሰው ነገሩ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ትልቁ ሙግት ልምጣ። «እኛም እኮ በሽምደዳ ነው የተማርነው፣ ምን ሆንን? ባህላችንም ይኸው ነው» ይባላል። የቄስ ትምህርት ቤት ይጠቀሳል። የኔታ፣ አርጩሜው፣ ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። እውነት ነው፣ እዚያ ሕፃኑ ጮክ ብሎ ይደግማል እንጂ አይፈጥርም። ግን ያው መንገድ ወደ ላይ ሲቀጥል ቅኔ ቤት ይደርሳል። ቅኔ ቤት ደግሞ ሕጉ ተገላቢጦሽ ነው። የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይፈጥራል፤ ባለ ሁለት ስንኝ ከሆነችው ጉባኤ ቃና ጀምሮ እየከበደ ይሄዳል። ያወጣውን ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል። ስለዚህ ባህላችን መሸምደድ ብቻ ነው የሚል ሰው ከደረጃው ግማሽ ላይ ነው የወረደው።

እርግጥ ነው፣ ቅኔ የሚመጣው ለጎረምሳ እንጂ ለአራት ዓመት ልጅ አይደለም። ሰዎች የማያስተውሉት ግን ሌላ ነገር አለ። የድሮው ሕፃን የሚፈጥርበት ሌላ ቦታ ነበረው። የኔታ ጋ የሚደግመው የቀኑን ጥቂት ክፍል ነው። ከዚያ ውጭ ከብት እየጠበቀ ዋሽንት ይቀርጻል፣ ከጭቃ በሬ ያበጃል። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ይላል። «ምን አውቅልህ» ይባላል። መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አንድ ከተማ ይከፍላል። እንቆቅልሽ ያለቀበት ልጅ ዝም አይልም፣ ከራሱ ፈልስፎ ይጠይቃል። አብዛኛው የፈጠራ ችሎታው ያደገው ከትምህርት ቤት ውጭ ነበር።

የዛሬው የከተማ ልጅ ያ የለውም። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሰፈር ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበት አስፋልት ላይ ባጃጅ ይበርበታል። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ሰርቪስ ይወስደዋል፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ይመልሰዋል። እቤት ሲደርስ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ትምህርት ቤቱ የልጁን ቀን ጠቅልሎ ከወሰደ ጨዋታውንም አብሮ መውሰድ አለበት። ቀኑን ወስዶ ጨዋታውን ደጅ ጥሎ መግባት አይሆንም።

ቋንቋውም ያው ነው። ከነርሰሪ ጀምሮ «እንግሊሽ ብቻ!» የሚሉ፣ አማርኛ ያወራ ልጅ የሚቀጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። ወላጅም ይኮራበታል። እንግሊዝኛ መማሩን አልጠላም። ግን አርባ ቃል በማይሞላ እንግሊዝኛ ዶክተርና በሽተኛ ተደራድሮ፣ አኩርፎ፣ ታርቆ መጫወት ይቻላል? እንቆቅልሽስ መፍጠር ይቻላል? ልጁ ዝም ይላል። ዝም ማለቱን ደግሞ «ሥርዓት ያለው ልጅ» እንለዋለን።

ውጭ አገር የተሠሩ ጥናቶችን በጥቂቱ ልጥቀስ፣ ነገሩ የስሜት ብቻ እንዳይመስል። በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ በ1962 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሙከራ ተጀመረ። 123 የድሃ ቤተሰብ ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ፤ 58ቱ ፔሪ በሚባል ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ ገቡ። እዚያ ልጆቹ ራሳቸው ምን እንደሚሠሩ ያቅዳሉ፣ ይሠራሉ፣ ስለሠሩት ያወራሉ። በአእምሮ ፈተና ያገኙት ብልጫ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጠፋ። አርባ ዓመት ሲሞላቸው ግን ዕድሉን ካላገኙት ይልቅ የተሻለ ገቢ ነበራቸው፣ ፖሊስ የያዛቸውም ያነሱ ነበሩ። በቴነሲ ግዛት ደግሞ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሕፃናትን የተከተለ ጥናት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ዕጣ ደርሷቸው የግዛቱ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤት የገቡት፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልደረሳቸው ልጆች ያነሰ ውጤት አመጡ። በሥነ ምግባርም ባሱ። ምክንያቱ አሁንም ያከራክራል። ከአጥኚዎቹ አንዷ ዴል ፋራን ግን ጣቷን የቀሰረችው ልጆችን ደርድሮ በማስተማሩ ላይ ነው። ክፍል መከፈቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከሁለቱ ጥናቶች ይታየኛል።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውን ሰበብ አልቀበለውም። ዛሬ ዓለም የሚጎበኛቸው፣ ሬጆ ኤሚሊያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ያሉት መዋዕለ ሕፃናት መነሻቸው የጦርነት ፍርስራሽ ነው። በ1945 (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ አቅራቢያ ቪላ ቼላ በምትባል መንደር ያሉ ወላጆች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት ፈረሶችና ካሚዮኖች ሸጠው በገዛ እጃቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። እኛ ጋ ታንክ መሸጥ አያስፈልግም። ቆርኪ፣ ጭቃ፣ ካርቶንና ያረጀ ነጠላ ይበቃል።

የሚገርመኝ የመንግሥት ፖሊሲ በዚህ ነገር ከወላጅ መቅደሙ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ማዕቀፍ ስለ ሕፃናት ሁለንተናዊ ዕድገት ያወራል። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን ከሥርዓቱ ውስጥ አስገብቷል። አዲስ አበባም በጨዋታ ማስተማርን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ለማምጣት እየሞከረች ነው፣ ልጆቹን ከመመገብ ጋር። አንዳንዱ ወላጅ ታዲያ ልጁን ከዚያ አውጥቶ፣ ከፍሎ፣ ፊደል ወደሚያስጽፈው ይወስደዋል። እንዳላጋንን ግን ልጨምር። በየገጠሩ ለአንደኛ ክፍል መሰናዶ እንዲሆን «ኦ ክፍል» ተብሎ የተከፈተው ብዙ ጊዜ ከአንደኛ ክፍል ተርፎ የተሰጠ ክፍል ነው። ልጆቹ እግራቸው መሬት የማይነካበት አግዳሚ ላይ ተደርድረው «ሀ! ሁ! ሂ!» ይላሉ። ፖሊሲው ሌላ፣ አግዳሚው ሌላ።

ሥዕሉን ደግሞ ተመልከቱት። አንድ ኬጂ ውስጥ የልጆች ሥዕል ተብሎ የተለጠፈ አይቻለሁ። በሁሉም ወረቀት ላይ ያው ቤት፣ ያው ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ ጣሪያው ላይ ጭስ የሚወጣበት የጡብ ጭስ ማውጫ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ስንት ልጅ ያውቃል? ከኢንተርኔት ወርዶ፣ በፎቶኮፒ ተባዝቶ፣ «ቀለም ቀቡ» የተባለ ነው። አንዱ ልጅ ጣሪያውን ሐምራዊ አድርጎት በቀይ «ኤክስ» ተመትቶበታል። ከሁሉም መካከል የራሱን ነገር የሞከረው እሱ ብቻ ነበር።

ፊደል አይማሩ አላልኩም። በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ይማሩታል፣ ቶሎም ይገባቸዋል። ጽሕፈት ከፈለጉ ደግሞ ለእቃቃ ሱቃቸው «ዳቦ» ብለው ዋጋ ይጻፉ፤ ያኔ ለምን እንደሚጻፍም ያውቃሉ።

ስለዚህ የክረምቱ ምዝገባ ሲደርስ አንድ ነገር እንሞክር። ርዕሰ መምህሯ የዓምናውን ተማሪ ደብተር አውጥታ ስታሳየን አመስግነን እንመልስላት። ግቢውን እንዙር። አሸዋው ላይ የልጅ ዱካ አለ፣ ወይስ ለጎብኚ የተደለደለ ነው? መጫወቻዎቹ ልጅ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ወይስ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል? ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ እንጠይቅ። ከዚያ ከመፈረማችን በፊት ለርዕሰ መምህሯ በግልጽ እንንገራት፦ ልጄ ዩኒፎርሙን አቆሽሾ፣ ደብተሩን ባዶ ይዞ ቢመጣ፣ ቢሮሽ ለክስ አልመጣም።